«ሰኞ» ስንት ሜጋባይት ነው?

አምቦ ገበያ ላይ በርበሬ የሚሸጠው በጆንያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ስንቱ ሰው ባዶ እጁን ይመለስ ነበር። ደግነቱ በጣሳም ይሰፈራል። የሊነክስ ታሪክም ግማሹ ጆንያውን በጣሳ የመስፈር ታሪክ ነው።

በ1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ብሩስ ፔረንስ የዴቢያንን መጫኛ በአንዲት ፍሎፒ ዲስክ ላይ ለማሳረፍ ሲታገል ቢዚቦክስን ጻፈ፤ ብዙ ትእዛዞችን አሳንሶ አንድ ፋይል ውስጥ አጨቃቸው። ሌላው መላ ደግሞ መክፈል ሆነ፦ ፕሮግራሙ ለብቻው፣ የአጠቃቀም መመሪያው ለብቻው፣ ለፕሮግራመሮች የሚያስፈልጉት ፋይሎች ለብቻቸው። የማትፈልገውን አታወርድም፣ አለቀ።

ነገሩ እኛም ጋ ደርሷል። በ2008 ወደ ኢትዮጵያ በሺዎች የገቡት የኤክስኦ የልጆች ላፕቶፖች የሚሠሩት በፌዶራ ሊነክስ ነበር። ማከማቻቸው ግን 1 ጊጋባይት ብቻ ነው። ፌዶራ ከነሙሉ ጓዙ እዚያ ውስጥ መግባት ስለማይችል ተቀናንሶ ነው የገባው።

ግን ሲቀነስ ቀድሞ የሚጣለው ምንድን ነው? ብዙ ጊዜ ቋንቋ ነው። ጂሊብሲ የሚባለው የሊነክስ መሠረታዊ ላይብረሪ የቀናትን ስም፣ የፊደል ተራን፣ የገንዘብ አጻጻፍን በየቋንቋው ይይዛል። በፌዶራ ይህ ሁሉ አንድ ላይ ታስሮ ከ100 ሜጋባይት በላይ ይመዝን ነበር። የአምቦ ተማሪ አማርኛና ኦሮምኛ ብቻ ቢፈልግ አይስላንድኛንም አብሮ መሸከም ነበረበት። ትንሽ ሲስተም የሚሠራ ሰው ደግሞ ጆንያውን እንዳለ አውጥቶ ይጥለዋል፤ የእኛም ቋንቋዎች አብረው ይሄዳሉ።

በ2016 ፌዶራ 24 ይህን ጆንያ ፈታው። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ግዕዝ ሳይቀር የየራሳቸው ፓኬጅ አገኙ። አሁን የሚፈለገውን ቋንቋ ብቻ አውርዶ ኮምፒውተሩን «ሰኞ» ወይም «ዊጠታ» ማሰኘት ይቻላል።

አንድ ነገር ግን አለ። ከተከፈሉት መሃል «ሚኒማል» የተባለ ፓኬጅም አለ፤ ትንንሾቹ ሲስተሞች በብዛት የሚመርጡት እሱን ነው። እሱ ውስጥ አማርኛም ኦሮምኛም የለም፤ ቀኑን ስትጠይቀው በእንግሊዝኛ «መንደይ» ይልሃል። መከፋፈሉ ቋንቋችንን ቀላል ሸክም አደረገው እንጂ ተሸክሞ አላመጣልንም። በጣሳ የሚሸጥ ነገር ጠያቂ ይፈልጋል። የትምህርት ቤቱን ኮምፒውተር የሚያዘጋጀው ልጅ አንዲት መስመር ትእዛዝ ካልጨመረ፣ «ሰኞ» እዚያው መጋዘን ውስጥ ትቀራለች።