አዲስ ተመራቂ የጥርስ ሐኪሞች ከሙያቸው የሚጠብቁትና የሕዝብ አገልግሎት፡ የእንግሊዝ ተሞክሮ

የባለሙያዎችን ቁጥር ማሳደግ ብቻውን የአገልግሎት ተደራሽነትን እንደማያረጋግጥ ከሚያመለክቱ ተሞክሮዎች አንዱ በእንግሊዝ የጥርስ ሕክምና ዘርፍ የታየው ነው። አዲስ ተመራቂዎች ከሙያቸውና ከሥራ ሕይወታቸው የሚጠብቁት ነገር የት፣ ለማንና ለምን ያህል ሰዓት እንደሚሠሩ በእጅጉ ይወስናል።

በአገሪቱ የጥርስ ሕክምና ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ አምስት ዓመት ይፈጃል። ተመራቂው በሙያው ተቆጣጣሪ ምክር ቤት ከተመዘገበ በኋላ በብሔራዊ የጤና አገልግሎት ሥር ለመሥራት በተመረጠ ክሊኒክ ውስጥ ለአንድ ዓመት ደመወዝ እየተከፈለው በአሠልጣኝ ክትትል ይሠለጥናል። ይህ ሥልጠና ግዴታ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። ከዚያ በኋላ አብዛኞቹ ወጣት ሐኪሞች የመንግሥት ተቀጣሪ አይሆኑም፤ ከብሔራዊው አገልግሎት ጋር ውል በገባ ክሊኒክ ውስጥ ከባለቤቱ ጋር ተስማምተው በራሳቸው ሂሳብ ይሠራሉ። በመሆኑም የሥራ ቀናቸውን መቀነስም ሆነ ወደ ግል ታካሚዎች ማዘንበል ይችላሉ።

የለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ካወጧቸው ጥናቶች መገንዘብ እንደሚቻለው፣ ወጣቶቹ ከሙያው አስተማማኝ ገቢ፣ የተረጋጋ የሥራ ሰዓትና ከቤተሰብ ኃላፊነት ጋር የሚጣጣም ኑሮ ይጠብቃሉ። ሴቶች ከተመዘገቡት የጥርስ ሐኪሞች ከግማሽ በላይ በሆኑበት በአሁኑ ወቅት የወሊድና የልጅ አስተዳደግ ጊዜ በሰው ኃይል ዕቅድ ውስጥ ተገቢውን ቦታ ማግኘት ይኖርበታል። በመዝገብ የሰፈረ የሐኪሞች ቁጥርና በተግባር የሚሰጥ የሕክምና ሰዓት አንድ አይደሉምና።

ፍላጎትና አሠራር በግልጽ የተጋጩት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2006 ሥራ ላይ በዋለው ውል ነው። ውሉ ሥራን በነጥብ ይለካል። ምርመራ አንድ፣ መሙላትና መንቀል ሦስት፣ ሰው ሠራሽ ጥርስን የመሰለ ሥራ ደግሞ አሥራ ሁለት ነጥብ ያስገኛል። በመጀመሪያው አሠራር አንድ ጥርስ የሞላና ስድስት ጥርስ የሞላ ሐኪም እኩል ሦስት ነጥብ ያገኙ ነበር። ክሊኒኩ ከዓመታዊ ዒላማው 96 በመቶ በታች ከፈጸመ ገንዘብ ተመላሽ ያደርጋል። ገና ልምድ በማካበት ላይ ያለና በዝግታ የሚሠራ ጀማሪ ሐኪም፣ በተለይም ጥርሳቸው በእጅጉ የተጎዳ ታካሚዎች በሚበዙበት አካባቢ፣ ለድካሙ የሚመጥን ክፍያ አያገኝም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 በተደረገው ማሻሻያ ሦስትና ከዚያ በላይ ጥርስ መሙላት ወይም መንቀል አምስት፣ የመንጋጋ ጥርስ የሥር ሕክምና ደግሞ ሰባት ነጥብ እንዲያስገኝ ተደርጓል።

የሐኪም እጥረቱ የሚብሰው በገጠርና በባሕር ጠረፍ አካባቢዎች ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው የሰው ኃይል ዕቅድ የሥልጠና ቦታዎችን እስከ 2031/32 በ40 በመቶ ለማሳደግ አቅዷል። በየካቲት 2024 ደግሞ እጥረት ባለባቸው አካባቢዎች ለሦስት ዓመት ለሚያገለግሉ እስከ 240 ለሚደርሱ ሐኪሞች ለእያንዳንዳቸው 20 ሺህ ፓውንድ ለመስጠት ተወስኗል። በሐምሌ 2025 ይፋ የሆነው የአሥር ዓመት የጤና ዕቅድ አዲስ ተመራቂዎች በብሔራዊው አገልግሎት ቢያንስ ለሦስት ዓመት እንዲሠሩ የማስገደድ ሐሳብ ይዟል። የብሪታንያ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር በበኩሉ ሐኪሞችን በግዴታ ከማቆየት ይልቅ ውሉ በመሠረቱ እንዲለወጥ ይጠይቃል።

ግዴታ የተወሰኑ ዓመታት አገልግሎት ሊያስገኝ ይችላል፤ ዘመኑ ሲያበቃ ግን ሐኪሙ መቆየት አለመቆየቱን የሚወስነው የሥራ ሁኔታው ነው። ስለሆነም የሰው ኃይል ዕቅድ የሚያዘጋጁ አካላት ከተመራቂዎች ቁጥር ጎን ለጎን የክፍያ ሥርዓቱን፣ የጀማሪዎችን ክትትልና ድጋፍ እንዲሁም የሥራ ሰዓትን አብረው ማጤን ይጠበቅባቸዋል።