የምግብ ዘይትና የልብ ሕመም፤ የሚኒሶታው ሙከራ ታሪክ

በአገራችን ኑግ የሚጨምቅ ሰው ሁሉ፣ ስሙን ሰምቶት ባያውቅም፣ ከሊኖሌይክ አሲድ ጋር የቆየ ትውውቅ አለው፤ ኑግም ሆነ ሱፍ በዚሁ አሲድ የበለጸጉ ናቸውና። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የልብ ደም ሥር በሽታ በአሜሪካና በአውሮፓ በበረታበት ዘመን ይኸው አሲድ የሊቃውንት መከራከሪያ ሆነ። ቅቤና ጮማ በደም ውስጥ ያለውን ኮሌስትሮል ከፍ እንደሚያደርጉ፣ ፈሳሽ የአትክልት ዘይቶች ግን ዝቅ እንደሚያደርጉ በ1950ዎቹ በተደረጉ የአመጋገብ ሙከራዎች ታውቆ ነበር። ያልታወቀው፣ ኮሌስትሮሉ በዘይት የቀነሰለት ሰው ዕድሜው ይረዝም እንደሆነ ነው። ሁለቱ አንድ የሚመስሉ፣ ነገር ግን የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው።

ጥያቄውን በቀጥታ ለመመርመር ከተነሡት አንዱ ሲሞር ዴይተን ናቸው። በሎስ አንጀለስ የቀድሞ ወታደሮች መኖሪያ 846 ወንዶችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው፣ ለአንደኛው ክፍል ምግቡ በአትክልት ዘይት እንዲሠራ አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ1969 በወጣው ውጤት መሠረት በደም ሥር መጠጠር ሳቢያ የሞቱት ከዘይት ተመጋቢዎቹ 48፣ ከሌሎቹ 70 ነበሩ። ይሁን እንጂ በማናቸውም ምክንያት የሞቱት ሲደመሩ 174 እና 177 ሆኑ። ስለዚህ ሁሉም ወገን ከሠንጠረዡ የሚፈልገውን አነበበ።

ከዚህ የሚበልጠው ሙከራ እ.ኤ.አ. ከ1968 እስከ 1973 በሚኒሶታ የተካሄደው ነው። ኃላፊዎቹ ዶክተር አይቫን ፍራንትዝና ስለ ቅባትና ስለ ልብ በሰፊው የሚታወቁት አንሴል ኪስ ነበሩ። የተመረጡት ቦታዎች ስድስት የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታሎችና አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ናቸው። ምርጫው የሚያስደንቅ አይደለም፤ ወጥ ቤቱ በአንድ እጅ በሚታዘዝበት ስፍራ ማን ምን እንደ በላ መቈጣጠር ይቻላልና። በዛሬው የሕክምና ሥነ ምግባር ደንብ ግን እንዲህ ያለው ሙከራ በቀላሉ የሚፈቀድ አይመስለኝም። ዕድሜያቸው ከ20 እስከ 97 የሚደርስ 9,423 ሰዎች በዕጣ ተመደቡ። የአንደኛው ክፍል ምግብ በበቆሎ ዘይትና ከዚያው በተሠራ ማርጋሪን ስለ ተዘጋጀ፣ ከጠቅላላው የምግብ ኃይል የሊኖሌይክ አሲድ ድርሻ ወደ 13.2 በመቶ ከፍ አለ። ተመጋቢውም ሐኪሙም የትኛው ምግብ ለማን እንደ ደረሰ አያውቁም ነበር። በዚያ ዘመን ከዚህ የሚሻል አሠራር ማግኘት አስቸጋሪ ነበር።

ዘይቱ የተባለለትን ፈጸመ፤ የተመጋቢዎቹ ኮሌስትሮል በ13.8 በመቶ ቀነሰ፤ የሌሎቹ የቀነሰው በ1 በመቶ ብቻ ነው። የሟቾች ቍጥር ግን አልቀነሰም። እ.ኤ.አ. በ1981 ስቲቨን ብሮስቲ የተባለ ተማሪ ዝርዝሩን ለማስተርስ ዲግሪ ባቀረበው ጽሑፍ አስፍሮታል፤ እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ደግሞ ከመምህራኑ በቀር ማን ያነበዋል? ዋናው ዘገባ በሕክምና መጽሔት የወጣው በ1989፣ ይኸውም ሙከራው ከተፈጸመ ከ16 ዓመት በኋላ ሲሆን፣ ብሮስቲ ካሰፈረው ብዙው ክፍል አልተካተተበትም። በእነዚህ ዓመታት ሕዝቡ ቅቤን ትቶ ዘይትና ማርጋሪን እንዲመገብ የሚሰጠው ምክር እየጸና ሄደ። ተንኰል ነበረ ለማለት ማስረጃ የለኝም፤ ከተጠበቀው ተቃራኒ የሆነ ውጤት በሠሪው እጅ ላይ ምን ያህል እንደሚከብድ የሙያ ባልደረቦቼ ያውቁታል። ሆኖም ያንን ምግብ ተመግበው የሞቱት ሰዎች ቢያንስ ውጤቱ በወቅቱ እንዲነገርላቸው ይገባ ነበር።

ነገሩን እንደገና የቀሰቀሰው ክሪስቶፈር ራምስደን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ነው። እሱና ባልደረቦቹ መጀመሪያ የሲድኒን ሙከራ መረጃ ከአሮጌ የማግኔት ቴፕ ላይ አወጡ። በዚያ ሙከራ የልብ ሕመም ደርሶባቸው የተረፉ 458 ወንዶች ተካፍለው ነበር። በ2013 በታተመው ውጤት መሠረት የሱፍ ዘይትና ማርጋሪን ከተመገቡት 17.6 በመቶ፣ ከሌሎቹ 11.8 በመቶ ሞተዋል። ከዚያ ወደ ሚኒሶታ ፊቱን መለሰ። ፍራንትዝ በ2009 ካረፉ በኋላ፣ እሱም ሐኪም የሆነው ልጃቸው የአባቱን ሰነዶች በቤታቸው ምድር ቤት በሣጥን አገኛቸው። በ2016 የወጣው ትንታኔ፣ የአንድ ሰው ኮሌስትሮል በዴሲሊትር 30 ሚሊግራም በቀነሰ ቍጥር የመሞት ዕድሉ በ22 በመቶ ከፍ ብሎ መገኘቱን አመለከተ።

ተቃዋሚዎች ዝም አላሉም፤ ክርክራቸውም ቀላል አይደለም። ከሆስፒታሎቹ ሕሙማን ቶሎ ቶሎ ይሰናበቱ ስለ ነበር፣ ከዓመት በላይ በአመጋገቡ የቆዩት 2,355 ብቻ ናቸው። የዚያ ዘመን ማርጋሪን ትራንስ ፋት ሊኖርበት ይችል ነበር፤ ጥፋቱ የዘይቱ ነው ወይስ የማርጋሪኑ የሚለው ከዚህ ይነሣል። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2017 ባወጣው መግለጫ ሁለቱን ሙከራዎች ወደ ጎን ትቶ፣ የሎስ አንጀለሱን ጨምሮ በአራት ሌሎች ላይ በመመሥረት፣ የሚረጋ ቅባትን በፈሳሽ ዘይት መተካት የልብና የደም ሥር በሽታን በ30 በመቶ ያህል ይቀንሳል አለ። እኔ እንደሚመስለኝ ማኅበሩ የአመጋገቡን ዘመን አጭርነት ማንሣቱ ትክክል ነው፤ ራምስደንም መዝገቡን ማውጣቱ ትክክል ነው። በምርመራ ከታዩት አስከሬኖች መካከል መዝገባቸው የተገኘው 149 ሲሆኑ፣ በልብ ጡንቻ ላይ የሞት ምልክት የታየው ከዘይት ተመጋቢዎቹ በ41 በመቶ፣ ከሌሎቹ በ22 በመቶ ነው። ጽሑፉ ሲወጣ ይህ ከጠቅላላው የምርመራ መዝገብ ግማሽ ያህሉ ብቻ ነበር፤ ሌላው አልተገኘም።