ባክቴሪያ በምግብ ዕቃ ላይ እንዳይጣበቅ ስለሚከለክሉ ቅመሞች ታሪክ

በአገራችን ላም የሚያልቡ እናቶች ቅሉን ካጠቡ በኋላ በወይራ ጭስ ያጥኑታል። ምክንያቱን ለጠየቀ ሰው የሚሰጠው መልስ ለመዓዛው ነው፤ ወተቱም ቶሎ እንዳይበላሽ ነው የሚል ነው። የሚታጠነው ግን ወተቱ ሳይሆን ዕቃው መሆኑን ልብ ይሏል። የሳይንስ ሊቃውንት ዓይናቸውን ከፈሳሹ አንሥተው ወደ ዕቃው ግድግዳ እስኪያዞሩ ድረስ ብዙ ዘመን አልፏል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ያን መዘግየት ማሳየት ነው። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሆላንዳዊው የጨርቅ ነጋዴ አንቶኒ ቫን ሌዊንሁክ በ1683 ከጥርሱ ላይ የፋቀውን ነጭ ቆሻሻ ራሱ በሠራው ማጉያ መነጽር ሲመለከት እጅግ ጥቃቅን ሕያዋን ሲርመሰመሱ አየ። ይህን ያልሰማ የባዮሎጂ ተማሪ የለም። ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ቀጥሎ የጻፈው ነው፤ አፉን በኮምጣጤ ቢያጥብ የሞቱት በቆሻሻው ላይ ላዩን የነበሩት ብቻ መሆናቸውን፥ ኮምጣጤውም ወደ ውስጥ ዘልቆ አለመግባቱን ገልጿል። በእኔ አስተያየት የነገሩ ሁሉ ቁልፍ በዚህች ማስታወሻ ውስጥ ነበረ፤ ቁልፉን ያነሣው ግን አልነበረም።

ፈረንሳዊው መድኃኒት ቀማሚ ላባራክ በ1820ዎቹ የክሎሪን ውሕድን የከብት አንጀት ከሚዘጋጅባቸው ቤቶች ብስባሴን ለማጥፋት አዋለው። ክሎሪን እስከ ዛሬም በምግብ ፋብሪካ የታወቀ ማጽጃ ነው። ከፓስተርና ከኮክ ወዲህ ደግሞ ባክቴሪያ በብዛት የሚጠናው በብልቃጥ ሾርባ ውስጥ ተንሳፍፎ ስለ ነበረ ጥያቄው «ምን ይገድለዋል?» የሚል ሆኖ ቀረ።

በ1943 በካሊፎርኒያ የስክሪፕስ ተቋም መርማሪ የነበረው ክሎድ ዞቤል በጠርሙስ የተቀመጠ የባሕር ውኃ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች በመስተዋቱ ግድግዳ ላይ ተጣብቀው እንደሚበዙ አስታወቀ። በ1978 ካናዳዊው ኮስተርተንና ባልደረቦቹ የሚጣበቁት ራሳቸው በሚያመነጩት የስኳር ዘር ዝልግልግ መሆኑን አብራሩ። ይህ ሽፋን ባዮፊልም ይባላል። በውስጡ የተሸሸገው ባክቴሪያ ተንሳፋፊውን በሚገድለው የማጽጃ መጠን ብዙ ጊዜ አይሞትም፤ የሌዊንሁክ ኮምጣጤ የገጠመውም ይኸው ነበር።

ነገሩ የጠርሙስ ጨዋታ አይደለም። ሊስቴሪያ የተባለው ባክቴሪያ በማቀዝቀዣ ብርድ ሳይቀር ይራባል፤ በብረትና በፍሳሽ ማስወገጃ ላይም ተጣብቆ ይቈያል። በ2017 እና በ2018 በደቡብ አፍሪካ በተዘጋጀ ሥጋ አማካይነት ከ1,000 በላይ ሰዎችን አሳምሞ ከ200 በላይ ገድሏል።

አዲሱ ጥያቄ «እንዳይጣበቅ ምን ይከለክለዋል?» የሚለው መልስ ያገኘው ካልታሰበ ስፍራ፥ ከአውስትራሊያ ባሕር ነው። ዴሊሲያ ፑልክራ የተባለው ቀይ የባሕር ተክል ገላው ብዙ ባክቴሪያ አይለጠፍበትም። በ1990ዎቹ የሲድኒ መርማሪዎች ምክንያቱ ብሮሚን ያለባቸው ፉራኖን የተባሉ ውሕዶች መሆናቸውን ደረሱበት። እነዚህ ባክቴሪያውን ሳይገድሉ እርስ በርሱ የሚግባባበትን የኬሚካል ምልክት ያደናግራሉ። ግኝቱ ያስነሣው ደስታ ግን ጥቂት የቸኰለ ነበር፤ ከውሕዶቹ አንዳንዶቹ ለሰውም ሕዋስ መርዝ ናቸው፤ ሊስቴሪያም በዚያ ምልክት አይነጋገርም።

ወደ ወይራው ልመለስ። የእንጨት ጭስ ባክቴሪያን የሚጐዱ ፌኖሎችና አሲዶች አሉት፤ የሚያርፉትም በቅሉ ግድግዳ ላይ ነው። ስለዚህ የጭሱን ሥራ የሚመረምር ተማሪ ከወተቱ ቀድቶ ባክቴሪያውን ቢቆጥር ሥራው ግማሽ ይሆናል። ሌዊንሁክ ጥርሱን እንደ ፋቀ፥ የቅሉንም ውስጥ መፋቅ ይኖርበታል።