ዐዝም ማለት ምን ማለት ነው?

እዚህ ቡሹሎ ልጆች ሳስተምር «ኡሉል ዐዝም» ከሚለው ቃል ላይ ደረስን። አንዱ ልጅ እጁን አነሣና፣ «ኡስታዝ፣ ቅድመ አያቶቻችን ወሎ ሳሉ በአፄ ዮሐንስ ጊዜ ተገደው የክርስቲያን ስም ይዘው ነበር ይባላል። ዐዝም አልነበራቸውም ማለት ነው?» አለኝ። የብዙ ቤተሰብ ጥያቄ ስለሆነ መልሱን እዚህ ላስፍረው።

ዐዝም በዐረብኛ ልብን በአንድ ነገር ላይ ማጽናት፣ ቆርጦ መነሣት ነው። በሱረቱል አሕቃፍ (46፡35) አላህ (ሱ.ወ.) ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) የዐዝም ባለቤት የሆኑት መልእክተኞች እንደታገሡ እንዲታገሡ ያዛቸዋል። ብዙዎቹ ዑለማእ እነዚህ ኑሕ፣ ኢብራሂም፣ ሙሳ፣ ዒሳና ሙሐመድ ናቸው ይላሉ። ልብ እንበል! ዐዝም የተያያዘው ከሰብር ጋር ነው። ስለዚህ «ግትር» ከምንለው ሰው ይለያል። ግትር ሰው እውነት ቢነገረውም የራሱን አይለቅም፤ ባለ ዐዝም ግን እውነትን ይዞ መከራውን ይችላል።

ከዚሁ ቃል «ዐዚማ» ይወጣል። በፊቅህ ዐዚማ ዋናው ድንጋጌ ሲሆን፣ ሩኽሳ ለተቸገረ ሰው የተሰጠ ፈቃድ ነው። ቢላል በጋለ አሸዋ ላይ ተጥሎ ዐዚማውን ያዘ። ዐማር ኢብን ያሲር ግን ስቃዩ ሲበረታበት ከሓዲዎቹ የፈለጉትን በምላሱ ተናገረና እያለቀሰ ወደ ነቢዩ መጣ። ልቡ በኢማን የረጋ ስለነበር አልተወቀሰም፤ ሱረቱ ነሕልም (16፡106) የተገደደን ሰው ከጥፋተኞች ለይታዋለች።

አሁን ወደ ወሎ እንመለስ። በ1870 ዓ.ም. ደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ላይ ከተደረገው ጉባኤ በኋላ፣ አፄ ዮሐንስ 4ኛ ሙስሊሞች በ3 ዓመት ውስጥ እንዲጠመቁ አዘዙ። አንዳንዱ መሣሪያ አነሣ። አማርኛን በዐረብኛ ፊደል እየጻፉ በግጥም ሕዝቡን ያስተማሩት ዓሊም፣ ሸይኽ ጦልሐ ቢን ጃዕፈር፣ ከእነዚህ አንዱ ነበሩ። አንዳንዱ አገር ጥሎ ተሰደደ። ሌላው ደግሞ ቀን ክርስቲያን መስሎ ውሎ ሌሊት በስውር ሰገደ። ንጉሡ በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ከሞቱ በኋላ ግፊቱ ሲላላ ብዙዎች እስልምናቸውን እንደገና ይፋ አወጡ።

ለልጁም እንዲህ አልሁት፦ «ሸይኽ ጦልሐ የቢላልን መንገድ ያዙ፤ ያንተ ቅድመ አያቶች የዐማርን። ደካሞች ቢሆኑ ኖሮ ዲኑ ለአንተ ባልደረሰ ነበር። በስጋት መካከል በጨለማ ውዱእ ማድረግም ዐዝም ይጠይቃል።»

ይህን የምናነሣው በጎረቤት ላይ ቂም ለመያዝ አይደለም፤ ያ ዘመን አልፏል። የምናነሣው ራሳችንን ለመጠየቅ ነው። እነርሱ ተከልክለው በጨለማ ሰገዱ፤ እኛ ማንም ሳይከለክለን፣ አዛኑ እየተሰማ፣ ፈጅር በእንቅልፍ ያልፈናል። እንግዲህ ዐዝም የጎደለው የትኛው ትውልድ ነው?

ወላሁ አዕለም።