የእግዜር እንግዳና የንጉሥ እንግዳ

ከመገናኛ ተነሥቶ የየካን ተራራ ለሚወጣ ሰው ከተማዋ ቶሎ ትርቃለች። የታክሲ ረዳቶች ጥሪ እየደበዘዘ ሲሄድ የባሕር ዛፍ ሽታ ይቀበለዋል፤ ከፍ ሲልም ከአንድ ወጥ ዓለት የተፈለፈለውን የዋሻ ሚካኤልን ፍራሽ ያገኛል። ባለፈው ክረምት ሦስት ጓደኛሞች ወደዚያው ስንወጣ ዝናብ ያዘንና ከአንዲት ጎጆ ደጃፍ ተጠለልን። አንዲት እናት ብቅ ብለው «ግቡ እንጂ ልጆቼ፤ ቤት የእግዚአብሔር ነው» አሉን። ቆሎ ቀረበ፤ ቡና ተፈላ። ዝናቡ ሲያባራ ከመካከላችን አንዱ «እማማ፥ ይቺን ያዙልን» ብሎ ብር ዘረጋላቸው። ፊታቸው ተለወጠ። «ልጄ፥ ቤቴ ቡና ቤት መሰለህ?» ብለው እጃቸውን ሰበሰቡ።

አፍረን ወጣን። ቁልቁለቱን ስንወርድ ግን ሌላ ኀፍረት መጣብኝ። ያ ቆሎ የልጆቻቸው ራት ቢሆንስ?

በአገራችን ታሪክ የገበሬውን ደጅ ሲያንኳኩ የኖሩ ሁለት ዓይነት እንግዶች ነበሩ። የመጀመሪያው የእግዜር እንግዳ ነው። «የመሸበት መንገደኛ ነኝ፥ አሳድሩኝ» ይላል፤ ይገባል፤ እግሩ ይታጠባል፤ መደብ ይለቀቅለታል። ይህ ልማድ ደግነት ብቻ አልነበረም። ማደሪያ ቤት በሌለበት አገር የዛሬው አስተናጋጅ የነገ መንገደኛ ነውና፥ ያበላ ሰው ብድሩን ከሌላ ደጅ ይቀበላል። ገደብም ነበረው፤ እንግዳ መጀመሪያ ወርቅ፥ ሲሰነብት ብር፥ ሲቆይ ብረት ነው ይባላል።

ሁለተኛው የንጉሥ እንግዳ ነው። እርሱ አያንኳኳም፤ ትእዛዝ ይዞ ይመጣል። ቀለቡ ድርጎ ይባላል። ለጋስ የሚባለው ንጉሡ ቢሆንም እንጀራው፥ ማሩና በጉ የሚወጣው ከገበሬው ጓዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት አይቶ፥ ብጽፈው ማን ያምነኛል ብሎ እስኪሠጋ ድረስ ተደንቋል። የእነዚያን እንግዶች ጓዝ ከመንደር መንደር እየተቀባበለ የተሸከመው ግን ስሙ ያልተጻፈው ባላገር ነው።

ከድርጎ የከፋው ተሰሪ ነበር። ወታደር በገበሬው ቤት ይመራል፤ ያሻውንም ያዝዛል። አዲስ አበባ ከእንጦጦ ግርጌ ከተቆረቆረች ጥቂት ዓመታት በኋላ፥ ክፉ ቀን የተባለው ታላቅ ረኀብ ሕዝቡን ፈጅቶ ነበርና፥ ዐፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1892 ገበሬው አሥራት እንዲከፍልና ከወታደር ቀለብ እንዲያርፍ አዘዙ። ገበሬ በቤቱ የሚያድረውን እንግዳ መጠንና ዋጋ ማወቁ የመንግሥት ጉዳይ እስከ መሆን ደርሶ ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ የዛሬው ጎብኚ ከሁለቱ የቱ ነው? የመሸበት መንገደኛ አይደለም፤ ወዶ የመጣ፥ የመመለሻ ትኬቱንም በኪሱ የያዘ ነው። ብድሩን የሚመልስበት ደጅም የለውም፤ ያስተናገደው ባላገር ነገ ከተማ ሄዶ የእርሱን በር አያንኳኳምና። በነጻ ቢበላ ድርጎ በላ፤ ከእጅ ወደ እጅ ቢከፍል ደግሞ ጎጆዋን ቡና ቤት አደረጋት።

ለዚህ እንቆቅልሽ ከማውቃቸው መልሶች ሁሉ የሚሻለው ከላሊበላ ብዙ ከማይርቀው ከመቄት የመጣው ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በመቋት ማርያም፥ የእንግሊዙ የሕፃናት አድን ድርጅት ባገዘው ውጥን፥ ገበሬዎቹ በራሳቸው አሠራር በገደል አፋፍ ላይ የእንግዳ ጎጆዎች ቀለሱ። አሠራሩ በኋላ «ተስፋ» በሚል ስም ታወቀ፤ ወደ ሌሎች መንደሮችም ተስፋፋ። እንግዶች በአንድ ጊዜ ከ6 አይበልጡም፤ ከመንደር መንደር በእግር ይሄዳሉ፤ ጓዛቸውን አህያ ይጭናል። እንደ አልቫሬዝ ዘመን ሸክም ግዴታ አይደለም፤ ባለ አህያው ይከፈለዋል። ዋናው ነገር ግን ክፍያው አስቀድሞ በጽሕፈት ቤት መፈጸሙ ነው። የማኅበረሰቡ ድርሻ ወደ ጋራ ካዝና ይገባል፤ በምን ላይ እንደሚውልም አባላቱ ይመክራሉ። ስለዚህ ቡና የምታፈላው ሴት ብር የያዘ እጅ አይዘረጋባትም፤ እንግዳውም የእንግዳ ክብሩ አይጎድልበትም።

ይህም ቢሆን ሰላም ከሌለ ከንቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ወረርሽኙ፥ በ2021 ጦርነቱ ሰሜን ወሎ ደረሰ፤ በ2023 ደግሞ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሣ። የእንግዳ ጎጆ እንግዳ ሲያጣ ምን ይሰማው ይሆን?

እኛም ወደ የካዋ እናት ተመልሰናል። በኅዳር ሚካኤል፥ ቡናና ስኳር ይዘን ሄድን። ደጃፉ ላይ ቆመን «ቤቶች» ስንል ወጥተው አወቁን። የያዝነውን አይተው አልተቆጡም። ተቀብለው፥ «ይኼማ ዘመድ የሚያደርገው ነው» አሉና ረከቦቱን አቀረቡ።