ጳጉሜ 1 የገቡት አርባ ልጆች

ክረምት ላይ ትራምፔት ነፍታችሁ ታውቃላችሁ? እኔና ጓደኞቼ እዚህ ልደታ ቅዳሜ ቅዳሜ እንሞክራለን። ሙያችን አይደለም፤ ፍቅር ነው። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲወርድ አንዳችን ሌላውን አንሰማም። ብርዱ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ ቱቦው ውስጥ ያለው አየር ሲቀዘቅዝ ድምፁ ዝቅ ይላል። እስኪሞቅ ዝም ብሎ መተንፈስ ነው። ውስጡ የሚጠራቀመውን ውኃ በየመሀሉ ማፍሰስም አለ (ጀማሪ ሁሉ ምራቅ ይመስለዋል፤ አብዛኛው የትንፋሽ እንፋሎት ነው)።

ያኔ ትዝ የሚሉኝ አርባዎቹ ልጆች ናቸው።

የትንፋሽ መሣሪያ ከአድዋ በኋላ ከሩሲያ ለምኒልክ ተልኮ ነበር። ራስ ተፈሪ ግን በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ሲሄዱ፣ በአርመን ገዳም የሚያድጉ ልጆች ማርሽ ሲጫወቱ ሰሙ። በኦቶማን ቱርክ በተፈጸመው ጭፍጨፋ ወላጆቻቸውን ያጡ ናቸው። ራስ ተፈሪም አርባውን አስመጧቸው። ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር አዲስ አበባ የገቡት በዚያው ዓመት ጳጉሜ 1 ቀን ነው፤ ክረምቱ ገና አልወጣም።

ኬቮርክ የደረሰው «ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ» ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓሉ ላይ ተሰማ፤ እስከ አብዮቱም ብሔራዊ መዝሙር ሆኖ ቆየ። ዛሬ ስለዚያ መዝሙር ስንከራከር ስለ ንጉሡ ብቻ ነው የምናወራው። የመምህሩን ስም የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ልጆቹንማ «አርባ ልጆች» ብለን በቁጥር እንጠራቸዋለን እንጂ እስቲ አንዱን በስሙ የምታውቁ?

ከኢየሩሳሌም ፀሐይ መጥተው፣ በዚያች ጳጉሜ ስንቴ ውኃ አፍስሰው ይሆን።