የፀሐይ ውኃ ማሞቂያ

የፀሐይ ውኃ ማሞቂያ የፀሐይን ሙቀት በቀጥታ ወደ ውኃ የሚያስተላልፍ፣ አብዛኛውን ጊዜ በጣሪያ ላይ የሚተከል መሣሪያ ነው፤ ኤሌክትሪክ ከሚያመነጨው የፀሐይ ፓኔል ይለያል። አሜሪካዊው ክላረንስ ኬምፕ በ1891 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያገኘበት ማሞቂያ ለገበያ ቀርቦ ነበር፤ ሆኖም ፀሐይ የሚመታው ታንኩ ራሱ ስለነበር ውኃው ሌሊቱን ይቀዘቅዝ ነበር። ዊልያም ቤይሊ በ1909 ሙቀት ሰብሳቢውን ከታንኩ ለይቶ ይህን ጉድለት አስወገደ። በተለመደው ዓይነት፣ በመስተዋት ከተከደነ ጥቁር ሰሌዳ ጋር በተያያዙ ቱቦዎች ውስጥ የሞቀው ውኃ ቀልሎ ከፍ ብሎ ወደተቀመጠው ታንክ ይወጣል፤ ቀዝቃዛው በክብደቱ ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ ፓምፕ አያስፈልገውም። ታንኩ ሙቀት እንዳያመልጥ ይሸፈናል፤ ደመና ሲበዛ በኤሌክትሪክ ይታገዛል። መሣሪያው «ዱድ ሼሜሽ» በሚባልባት እስራኤል፣ በአዳዲስ መኖሪያ ቤቶች ላይ እንዲተከል ከ1980 ጀምሮ በሕግ ተደንግጓል።